ድምፅ በል ቤት

ወይዘሮ ትርንጎን የፈለጓት ለማስፈረም እንጂ ለማስመረጥ አልነበረም። ሌላው ሁሉ ተጠይቋል። ቤቱ ራሱ ተጠይቋል፤ በዚያ ዘመን ቤት ነዋሪውን አጥንቶ «ይስማሙኛል» ወይም «አይስማሙኝም» ሳይል አይሸጥም። የልጅ ልጇ ዓሣ እንኳን ገንዳው የትኛው ጥግ ቢቀመጥ እንደማይረበሽ ተለክቶለታል። «እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት ግን አልነበረም። የዓሣውን ያህል እንኳን አልሆነችም።

ልጇ ስንሻው የነገራት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ቤቱ ሞጆ ነው፤ ከደረቅ ወደቡ በሚወጣው ትልቅ ጎዳና ዳር። ጎዳናው ባለ ሦስት ደርብ ነው፤ ሹፌር የሌላቸው ረጃጅም ጫኝ መኪኖች ከባሕር ያመጡትን ይዘው አንዱ የአንዱን ጭራ እየነከሰ ቀን ከሌት ይተሙበታል። ስንሻው የሚሠራው ወደቡ ውስጥ ስለሆነ በእግሩ ደርሶ ይመለሳል። ሚስቱ ህሊና የራሷ ክፍል ይኖራታል፤ ሕፃኗ መሮጫ ታገኛለች፤ ትርንጎም ከታመመው ጉልበቷ ጋር ደረጃ የማትወጣበት ምድር ቤት ታገኛለች። በልዋጩ የሚሰጠው ቢሾፍቱ ያለው የትርንጎ ግቢ ነበር። ከሟቹ ባሏ ጋር ጭቃ ረግጣ፣ ማገር አስራ የሠራችው ግቢ። ጉልበቷን እስኪሻላት ብላ እነ ስንሻው ኮንዶሚኒየም ከገባች ወዲህ ተዘግቶ ነው ያለው። አንዴ ከተሰጠ መመለሻ የለውም፤ ያለ እሷ አውራ ጣት ደግሞ አይሰጥም።

የአውራ ጣቱ ነገር ያስቃት ነበር። በወጣትነቷ ቀበሌ ሄዳ ጣቷን ቀለም ስትነክር፣ ፊደል የቆጠሩት ከኋላዋ ይሳሳቁባት ነበር። አሁን ዶክተሩም ዳኛውም በአውራ ጣቱ ነው የሚፈርመው። ጊዜ ያመጣላት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ዓለሙ ሁሉ እሷን መሰለ።

ስለ ቤቱ ስትሰማ የመንገድ ዳር ቤት በር እንጂ ጓዳ የለውም አለች። የአቧራውን ነገር አነሳች፤ የሕፃኗን ደኅንነት አነሳች፤ ድንጋይ የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት አጠገብ ሰው እንዴት እንቅልፍ እንደሚወስደው ጠየቀች። ስንሻው ሳቀና ስለ ድምፅ በሉ አስረዳት። ድምፅ በል ማለት ግድግዳው ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ስስ መረብ ነው፤ የሚመጣውን ድምፅ ሰምቶ፣ ገልብጦ መልሶ ይለቅበታል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ከውጭ የሚመጣውን ብቻ አይደለም፤ ቤት ውስጥም ማንኮራፋቱን፣ የዕቃ ማጠቢያውን መንገጫገጭ ይውጣል። የቱ ተፈላጊ የቱ ጫጫታ እንደሆነ ለመለየት ደግሞ ቤተሰቡን አስቀድሞ ያደምጣል። ለዚህ ነው ኮንዶሚኒየሙ ሳሎን ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር ተሰቅላ የከረመችው። ጆሮ ይሏታል። ትርንጎም አይታታለች፤ «ቤቱ እንዲተዋወቀን ነው» ብለዋት ትታዋለች።

ከመፈረም በፊት ገብተው እንዲሞክሩት ተፈቅዶ ገቡ። እውነቱን ለመናገር ቤቱ ደስ አላት። መስኮቱ ስር ቆማ ጫኞቹ እንደ ደመና ድምፅ አልባ ሆነው ሲያልፉ አየች፤ የሕፃኗን ትንፋሽ ከሌላ ክፍል ሰማች። ልቧ ለስለስ አለ። ጣቴን እሰጣቸዋለሁ፣ ለእኔ ከዚህ በኋላ ግቢ ምን ይሠራልኛል፣ ብላ ለራሷ ጨረሰች።

ምሳ ሲቀርብ ተነሳች። አዲስ ቤት ሲገባ ታላቅ ሳይመርቅ ቁራሽ አይቆረስም፤ ይህን እንኳን እነሱ ግድግዳውም ሊያውቀው ይገባል። መዳፏን ዘርግታ ጀመረች። ቤቱን የሰላም ያድርግላችሁ አለች፤ ወጥታችሁ ግቡ፣ ዘርታችሁ ቃሙ፣ ይቺ ልጅ አድጋ ለእናንተ ጧሪ ለእኔ ቀባሪ ትሁን አለች። ቢሾፍቱ ላይ የቀረው በረከት ተከትሏችሁ ይምጣ ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግቢዋን የሸኘችው በዚያች ቃል ነበርና።

አሜን ያለ የለም። ህሊና ወጥ እያወጣች ነበር። ስንሻው ሕፃኗን አጉርሶ የራሱንም ጎረሰ። ያለ አሜን የቀረ ምርቃት መሬት የወደቀ ምራቅ ነው። ትርንጎ ተቀመጠች። እንደናቋት ታውቅ ነበር፤ እንዲህ ፊት ለፊት መሆኑን ግን አላወቀችም።

እነሱ ደግሞ ምንም አልመሰላቸውም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይተዋል፤ የአሮጊት ከንፈር መቼ አርፎ ያውቃል? ዳዊቷን እየደገመች ነው ብለው ነው። እሷም የራሷ ድምፅ በራሷ አጥንት በኩል ስለሚሰማት የጎደለ ነገር መኖሩን አልጠረጠረችም።

የተጠራጠረችው በማግስቱ ነው። ቂሟን አሳድራ ስለነበር ህሊና ሽሮ ስታቀርብላት ቃል ሳትመርጥ ስድብ ወረወረችባት። «እናትሽ ያስተማረችሽ ይኼን ነው? ግድግዳ ብቀባበት ይሻለኛል፤ አንቺንም የመረጠ ልጄ ዓይን የለውም።»

ህሊና የትርንጎ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይታ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ «አሜን፣ እማማ» አለቻትና ወደ ማድ ቤት ተመለሰች።

ትርንጎ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ምርቃቷ አሜን ሲያጣ ስድቧ አሜን አገኘ። ህሊና ታጋሽ ሴት አይደለችም፤ እናቷን ከነኩባትማ ሰማይ ትቀድዳለች። ትርንጎ ተነሳች፤ እያነከሰች ሄዳ የውጪውን በር ከፈተችና ከደጃፉ ወጣች። የጎዳናው ጩኸት በጥፊ መታት። እዚያ መሐል፣ ምድሩ እየተንቀጠቀጠ፣ «ህሊና!» ብላ ተጣራች። ህሊና በተከፈተው በር ሰምታት፣ በድንጋጤ እየሮጠች መጥታ ምን ሆኑ አለቻት። ትርንጎ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባችና ያንኑ ስም ደገመችው። ህሊና አፏን ስታይ ቆየች፤ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። ገባት።

ስንሻው ከሥራ ሲመለስ የሻጮቹ ባለሙያ ገመቹ ደርሶ ነበር። ትሑት ሰው ነው፤ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። ግድግዳውን በየተራ መረመረ፣ ጣሪያውን መረመረ፣ ሕመም አላገኘበትም። እሷን ለመስማት ብሎ መረቡን ሲያጠፋው ጎዳናው እንደ ጎርፍ ቤቱን ሞላው፤ ሕፃኗ አለቀሰች። መልሶ ሲያበራው ትርንጎ አብራ ጠፋች። በመጨረሻ በኮቷ ላይ አንድ ጆሮ ሰካላትና የእሷን ድምፅ ብቻ አሳለፈ። ከዚያ ቤቱን ራሱን ምክንያቱን ጠየቀው።

ቤቱ የሚናገረው ቀስ ብሎ ነው፤ እንደ ተመከረ ሰው።

«ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ሳደምጣችሁ ይህ ድምፅ ሲነሳ መልስ አያገኝም ነበር» አለ። «ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ ወይም በር ይዘጋል። የመንገዱንም ጩኸት የምለየው እንዲሁ ነው። ቢሆንም ሰው ስለሆነ በራሴ አልወሰንኩም፤ አባወራውን ጠየቅሁ።»

ስንሻው ገመቹን፣ በቃ ዝጋው፣ ችግሩ ታውቋል አለው። ትርንጎ እጇን አነሳች።

«ተወው ይናገር። እኔን ካልሰማችሁ እሱን ልስማው። ምን ብለህ ጠየቅኸው?»

«ይህን ድምፅ ከሚጠፉት ጋር ልደምረው ወይ፣ ብዬ።»

«እሱስ?»

ቤቱ ስንሻውን ራሱን አሰማቸው። በሳቅ የታጀበ የልጇ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ወጣ፦ «እሱንማ ከቻልክ ገላገልከን!» ከኋላው ሌላ ሳቅ ነበር። ትርንጎ የማን ሳቅ እንደሆነ አወቀች። ህሊናም መሬት መሬት አየች።

ስንሻው ብዙ ተናገረ። ቀልድ ነበር አለ። ቤቱ የጠየቀው ስለ ማለዳ ጸሎቷ ማጉረምረም ብቻ መስሎት እንደነበር፣ ማሽን ቀልድ እንደማይገባው፣ ይኼ የፋብሪካው ስሕተት እንደሆነ፣ ለማን አቤት እንደሚል ሳይቀር ተናገረ። ትርንጎ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ቀልድ ከሆነ እኔ ባለሁበት ለምን አልቀለድከውም? እኔም ልሳቅ።»

ስንሻው ወደ ገመቹ ዞረ።

ገመቹ የሚገባበት ጠፋው። ሊያጽናናት ፈልጎ ቃሏ ጠፍቶ እንዳልቀረ ነገራት። ድምፅ በል የሚያጠፋውን ድምፅ አስቀድሞ ከነትንፋሹ መስማት አለበት፤ አንዲት ፊደል ካመለጠችው ማጥፋት አይችልም። ቤቱም ልክ ነው አለ።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ እማማ። ምርቃቱንም፣ ድምፅዎ የተሰበረበትንም። ሳልሰማ ማጥፋት አልችልም።»

ትርንጎ ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አየችው። ግቢዋን ስትሸኝ አብሯት የነበረው ግድግዳው ብቻ ኖሯል። ከፎቁ ሁሉ፣ ከጫኙ ሁሉ፣ ከሚናገረው ቤት ሁሉ በኋላ ማሽን ገና ያልደረሰበት አንድ ነገር ይህ ነው፤ ሰው ሳይሰማም ማጥፋት ይችላል። ለዚህ መረብ አያስፈልገውም። የወለደችው አፍ ይበቃዋል።

ስንሻው ዝምታዋን ዕርቅ አደረገው። ይስተካከላል አለ፤ ገመቹ ድምፅሽን ከተፈላጊዎቹ ተርታ ይጽፈዋል፣ ከዛሬ ጀምሮ ድምፅሽ በየክፍሉ ይሰማል፣ አለ። ቀጥሎ ድምፁን አለዝቦ፣ የሙከራው ጊዜ ዛሬ ማለቁን፣ ቤቱን የሚጠብቁ ሌሎች መኖራቸውን፣ ስለዚህ ጣቷን አሁን ብታሳርፍ ጥሩ መሆኑን ነገራት። የፊርማውን ሰሌዳ ከገመቹ እጅ ወስዶ ጉልበቷ ላይ አደረገላት። ከተሰማው ሁሉ ይልቅ ይኼ ቆረጣት። አሁንም የፈለገው አውራ ጣቷን እንጂ አፏን አይደለም።

አውራ ጣቷን በጡጫዋ ውስጥ ቀበረችው። ሰሌዳውን ወንበሩ ላይ ትታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በሩን ከፍታ ወጣች፤ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩም አልፋ እስከ አስፋልቱ ዳር። ጫኞቹ ንፋሳቸው ነጠላዋን እየገፈፈ ያልፋሉ። ስንሻው ተከትሏት ደረሰ። እጁን አፉ ዙሪያ አድርጎ፣ እማዬ እንግባ፣ እዚህ አይሰማም አላት።

«የእኔ ድምፅ የሚሰማው እዚህ ነው» አለችው። ከጩኸቱ በላይ አድርጋ፣ ሳትንቀጠቀጥ። «ቤቱ ጥፋት የለበትም፤ የጠየቀህን ጠየቀህ፣ ያልከውን አደረገ። ልገዛውም እችላለሁ፣ ልተወውም እችላለሁ፤ እሱን እኔ አስብበታለሁ። አንተ ግን ለግድግዳ የነገርከውን ለእናትህ ንገራት። አሁን። እዚሁ ቁምና፣ ዓይኔን እያየህ፣ ጮክ ብለህ።»