ለስምበላው የተሰጠው ስም

በዘምራ ምድር ሙሽራ ከመዳሯ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዘር ቆጣሪው ጥቁሩ ድንጋይ አጠገብ ቆሞ የሙሽራይቱን አያት ቅድመ አያቶች እስከ ሰባተኛው በስም ይጠራል፤ ቀጥሎም የሙሽራውን። አንድ ስም በሁለቱም ወገን ከተሰማ ጋብቻው ይፈርሳል።

ያሬና ለድርማስ በምትዳርበት ቀን ቆጣሪው የገዛ አጎቷ ዘርጋው ነበር። ስድስቱን ስም በሚያምር ድምፅ ጠራ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ግን ከአፉ ነፋስ ብቻ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ስሙን ሊያስታውሱት ሞከሩ፤ እነርሱም ዘንድ አልነበረም። ስሙ ከሰው ሁሉ ልብ ጠፍቷል። ጥቁሩ ድንጋይ በታላቅ ድምፅ ከመሃሉ ተሰነጠቀ።

« የዋሻው አውሬ ስምበላው ሰርቆታል! » አለ የዘምራ ንጉሥ ከዙፋኑ ተነሥቶ። « ሰባት ቤት የማይሞላላት ሴት በአገሬ መኖሪያ የላትም። ክረምቱ ሳይገባ ስሙ ካልተመለሰ ትሰደዳለች። »

« እኔው ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ » አለች ያሬና።

እናቷ እመት ወለላ እግሯ ላይ ወደቀች። « ብትሰደጂም አብሬሽ እሰደዳለሁ ልጄ! ወደዚያ ዋሻ ግን አትሂጂብኝ! »

ያሬና እናቷን ደግፋ አነሣቻትና መንገድ ጀመረች። ድርማስ ጦሩን፣ ዘርጋው ምርኩዙን ይዘው ተከተሏት። በሚጨሰው ሸለቆ ክንፋቸው የድንጋይ የሆነ ጭልፊቶች ወረዱባቸው፤ ድርማስ እየደማ መከታቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት ማለቂያ አልነበረውም።

« ጋሼ፣ ደከመዎት? » አለ ድርማስ።

« ሰባት ትውልድ በአንድ ትንፋሽ የምጠራ ሰው ዳገት ያደክመኛል? » አለ ዘርጋው፤ ይህን ብሎም ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

ስምበላው በዋሻው ውስጥ ተጋድሞ አገኙት። ዓይን የለውም። ቆዳው እንደ ውኃ ያሳያል፤ በሆዱ ውስጥ የዋጣቸው ስሞች እንደ ፍም ይበራሉ።

ድርማስ ጦሩን ሰበቀ። « ሌባ! የሰረቅኸውን መልስ! »

« ሌባ? » አለ አውሬው። « እኔ ከዚህ ዋሻ ወጥቼ አላውቅም። ስም የሚያመጡልኝ የእናንተው ሰዎች ናቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ሲፈልጉና አንድ ስም ሲያሰናክላቸው ተሸክመውት ይመጣሉ። የቀድሞ ቆጣሪዎቻችሁም በጎደለው ቦታ የፈጠሩትን ስም ይሰኩበት ነበር። ይህችኛዋ ግን ለቆጣሪው ሳትነግረው ቀረች። »

የዘርጋው ምርኩዝ ከእጁ ወደቀ። « እንግዲያ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠራቸው የኖርኩት እነማንን ነው? »



« ማናት ያመጣችው? » አለች ያሬና።

« እናትሽ። እያለቀሰች ነው የሰጠችኝ። ስሙም ጎርፉ ይባላል። »

ያሬና ወደ ድርማስ ዞረች። ስሙ ሲጠራ ትዝ ብሎት ፊቱ አመድ መስሏል። ጎርፉ የእርሱም ቅድመ አያት እንደነበረ ሳይነግራት ገባት።

« ትተነው እንሂድ » አለ ድርማስ። « ከዚህ ስንወጣ እንረሳዋለን። ጋሼ ሌላ ስም ይሰኩልናል። አይደለም እንዴ ጋሼ? »

ዘርጋው አንገቱን ደፋ። « እሷ ካለች… እሰካለሁ። »

ያሬና ድርማስን ትወደዋለች፤ እዚያው እግሩ ሥር ብትወድቅ በወደደች።

« ልጆቻችን በሕይወት ያልነበረ ሰው አያታችን ነው እያሉ ሊያድጉ ነው? » አለች በመጨረሻ። « እነርሱስ እህታቸውን እንዳያገቡ በምን ያውቃሉ? »

« ስም የሚወጣው በስም ነው » አለ አውሬው። « የምትወጂውን አምጪ። »

እርሷና ድርማስ ወደፊት ለሚወልዱት የመጀመሪያ ልጃቸው፣ ለማንም ሳይነግሩ፣ ስም አውጥተውለት ነበር። ወደ አውሬው ተጠጋችና በጆሮው ሹክ አለችው። አውሬው በምትኩ የጎርፉን ስም ለቀቀላት፤ በዚያች ቅጽበትም የልጃቸው ስም ከሁለቱም ልብ ወጣ። ስም ማውጣታቸውን ያስታውሳሉ፤ ምን ብለው እንዳወጡት ግን አያውቁም። ድርማስ ስሙን ሊጠራ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ነፋስ ብቻ ወጣ።

ዘምራ ሲደርሱ ያሬና በሕዝቡ ፊት ቆማ « ጎርፉ! » ብላ ጠራች። ስሙ ወደ ሰው ሁሉ ልብ ተመለሰ፤ የድንጋዩም ስንጥቅ ገጠመ። እልልታው ቀለጠ። ከዚያ ዘርጋው የድርማስን ወገን መቁጠር ጀመረ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እልልታው ተቆረጠ፤ እመት ወለላ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

በዘምራ ሥርዓት፣ በቆጠራ የፈረሰ ጋብቻ የሚዘጋው ሙሽራው ሙሽራይቱን በዝምድናቸው ጠርቶ ሰላም ሲላት ነው። ድርማስ የቆሰለ ክንዱን ይዞ ፊቷ ቆመ።

« እንዴት ዋልሽ » አላት። ቀጣዩ ቃል እምቢ አለው። « …እህቴ። »

« ደህና ዋልኩ፣ ወንድሜ » አለች ያሬና።