ግራጫ የሌለው ማስክ

ሠዓሊው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። ትውከቱ ሸሚዙን አርሶ ጠረጴዛው ላይ ደርቋል። ሽታው ሁለቱን ፖሊሶች ወደ ኮሪደሩ አስወጥቷቸዋል። መርማሪዋ ግን አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛውንና ላዩ ያለውን የኮምፒውተር መሣያ ሰሌዳ ስትመለከት ቆየች። ኮምፒውተሩ ላይ ለልጆች መጽሐፍ የተሳለች አንዲት አሮጊት ትታያለች። ጉንጯና አንገቷ ጥላ ተቀብተዋል።

ሚስቱን ሊያሳስራት የተቃረበው ያ ጥላ ነው። መርዙ የተገኘው እሷ ጠዋት አፍልታ በፔርሙዝ ባስቀመጠችው ሻይ ውስጥ ነበር። ሥዕል አብሮት የሚሠራው የሟቹ ታናሽ ወንድም ጠዋት መጥቶ እንደነበር አልደበቀም፤ ሲሄድ ግን የአሮጊቷ ፊት ገና ጥላ እንዳልነካው ተናገረ። ወንድሙ አንድ ፊት ላይ ጥላ ለመቀባት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ እሱ ከሄደ በኋላ ረጅም ሰዓት ኖሯል ማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ቤት የነበረችው ሚስቱ ብቻ ነች።

«ልጄን ከክሊኒክ ይዤ ስመለስ ዋርሳዬን በር ላይ አገኘሁት» አለች ሚስትየዋ፣ ሕፃኑን እያጠባች። «ሥራ ይዟል፣ አትረብሺው አለኝ። ሲሠራ ደግሞ በሩን አልከፍትበትም።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከታሰረች ልጁን ማን እንደሚያጠባላት ጠየቀች።

መርማሪዋ የሟቹን የሥራ ባልደረባ ጠራቻት። ባልደረባዋ ጥላ በሥዕሉ ላይ በሚደረብ ሌላ ንጣፍ ላይ ለብቻው እንደሚቀባ፣ ንጣፉም ማስክ የሚባል መሸፈኛ እንደሚደረግለት አስረዳች። ማስኩ ላይ ነጭ የተቀባበት ቦታ ጥላውን ያሳያል፣ ጥቁር ይደብቀዋል፣ ግራጫ ደግሞ በከፊል ያሳልፈዋል።

«እሱ በግራጫ ነበር የሚሠራው። እዚህ ጠቆር፣ እዚያ ሳሳ እያደረገ፣ በብዕሩ» አለች። «ማስኩን በጅምላ የሚያሳሳ፣ የሚጎተት መቆጣጠሪያ አለ፤ እሱን ነክቶ አያውቅም። የጎተተውን ሰው ሥራ ‹የዕቃ እጣቢ› ነበር የሚለው።»

የአሮጊቷን ማስክ እንድትከፍት ሲነገራት ከፈተችው፤ አይታም በጣቷ ለመርማሪዋ አሳየቻት።

በማግሥቱ መርማሪዋ ሚስትየዋን ጨምራ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አሳታሚው የቀረውን ገጽ እንደሚፈልግ ነግራ፣ ባልደረባዋንና ወንድምየውን አንድ አንድ ፊት ጥላ አስቀባቻቸው። ባልደረባዋ ቆማ፣ በግራጫ እያሳሳች ቀባች። ወንድምየው ግን ወንድሙ የሞተበት፣ ያልታጠበው ወንበር ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ማስኩ ላይ ጥቁር ደፋበት፤ ከዚያ መቆጣጠሪያውን ጎተተ።

«ይኸው፣ ለስለስ አለ» አለ።

«የአሮጊቷም ማስክ ላይ አንዲት ግራጫ የለችም» አለች መርማሪዋ። «ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ያለሰለሰው ያ የጎተትከው መቆጣጠሪያ ነው። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ አይደለም፤ ጠዋት በነበርክበት ጊዜ ያልቃል።»

«አሞት ቸኩሎ ይሆናላ።»

«ጠረጴዛው በትውከት ተሞልቶ፣ ብዕሩ የሚሄድበት ሰሌዳ ብቻ ተወልውሏል። ጠርዙ ሥር ግን ደርቆ ቀርቷል። ስለዚህ ጥላውን የቀባው ሰው የቀባው ከትውከቱ በኋላ ነው። ወንድምህ ያን ጊዜ ብዕር ሊይዝ ቀርቶ አንገቱን ማቅናት አይችልም ነበር። አንተ ሚስቱ ክሊኒክ ሳለች መርዙን ፔርሙዙ ውስጥ ጨመርክ፤ ከዚያ ክንዱን ገፋ አድርገህ፣ ሰሌዳውን ጠርገህ፣ ከሄድክ በኋላ የኖረ እንዲመስል ከጎኑ ቆመህ ቀባህ። ያን ጊዜ እየሞተ ነበር ወይስ ሞቶ ነበር፣ አላውቅም። ከዚያ በር ላይ አትረብሺው አልካት።»

ወንድምየው መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ስንት መጽሐፍ አብረው ሠርተው የእሱ ስም አንዱም ላይ እንዳልወጣ፣ ይህንንም ወንድሙ ለብቻው በስሙ ሊያወጣው እንደነበር ተናገረ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረ።

«ማስክ ማስክ ትላላችሁ። እስቲ ራቅ ብላችሁ እዩት፤ ምኑ ነው የማያምረው?»

መርማሪዋ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠቻቸው፤ እጁን ሲይዙትም ዓይኑ ከሥዕሉ አልተነቀለም።

ሚስትየዋ ሕፃኑን አቅፋ ወደ ኮምፒውተሩ ቀረበች። «ይህን ነገር ከፊቷ ላይ አንሱልኝ» አለች።

«ማስረጃ ነው፤ ሳታጠፊው ደብቂው» አለቻት መርማሪዋ የሟቹን ባልደረባ።

ባልደረባዋ አንዴ ነካችው። ጥላው ተገፈፈ፤ አሮጊቷ ሟቹ እንደተዋት፣ ፊቷ ሳያልቅ ቀረች።