ለስላሳው መያዣ

የዕቃ ቤት ኃላፊው በመሰላል ፋብሪካው መጋዘን ውስጥ በጀርባው ተዘርሮ ሞቷል። አጠገቡ አንድ ተጣጣፊ መሰላል ወድቋል፤ ሁለቱን እግሮች የሚይዘው የፕላስቲክ መያዣ ለሁለት ተሰብሯል። ሦስት ወንዶች ቆመው ሟቹን ይወቅሳሉ።

«ሲበዛ ወፍራም ነበር» አለ የፋብሪካው ባለቤት፣ የሟች ሚስት ታላቅ ወንድም።

«ጠጥቶም ይሆናል» አለ የግዢ ኃላፊው፣ የባለቤቱ ልጅ ባል።

«የኔ ፕላስቲክ እንከን የለውም!» አለ መያዣውን በቅርቡ ማምረት የጀመረው ሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሚስቲቱ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «ባልሽ በራሱ ጥፋት ነው የሞተው ይሉኛል» አለች።

ባልደረቦቿ «ሬት» የሚሏት መርማሪ ሦስቱን ወንዶች ጫማዋ ላይ የተለጠፈ ጭቃ ይመስል ገላመጠቻቸው። ስብራቱን አነሳች። ፊቱን ብርማ ጭረት ሞልቶታል።

«የድሮውን አምራች ለምን ተዋችሁት?»

«ሲያዘገየን ነዋ!» አለ የግዢ ኃላፊው። «ጥሬ ዕቃውን ካላደረቅሁ አልሠራም እያለ። ለፕላስቲክ ምን ማድረቅ ያስፈልገዋል?»

«አንተስ ታደርቃለህ?» አለችው አዲሱን አምራች።

«እንዴታ! ማድረቂያ አለኝ።»

ሬት የአምራቹ ወርክሾፕ ድረስ ሄዳ ማድረቂያውን ከፈተችው። እንዲደርቅ ካልሲ ተሰጥቶበታል። ከዚያ የሁሉንም ቢሮ ዞረች፤ እዚያ ያገኘችውን የእያንዳንዱን መሰላል መያዣ በአውራ ጣቷ ዳበሰች። አመሻሽ ላይ መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ይህ ፕላስቲክ እርጥበት ይጠጣል» አለች። «ሳይደርቅ ከቀለጠ ፊቱ ጭረት ያወጣል፣ እንደ ብስኩትም ይሰበራል። አንዱ ሰነፍ፣ አንዱ መሃይም ስለሆነ እዚህ ደረስን። ግን ሁለቱም አላወቁም፤ የገዛ መሰላላቸው ላይ ያለው ያው ጭረታም መያዣ ነው። ቢያውቁ ለነፍሳቸው ይሳሱ ነበር።» ወደ ባለቤቱ ዞረች። «የእርስዎ መሰላል አዲስ ነው፤ መያዣው ግን ለስላሳ፣ የድሮው። ማን ቀየረው?»

«እኔ ምን አውቄ! ዕቃ ቤት የላከልኝን ነው የምጠቀመው።»

ሚስቲቱ ቀና አለች። «ወንድም ጋሼ፣ ባሌ አይደል እንዴ የቀየረልዎት? ‹የአዲሱ ቀለም አላማረኝም፣ የድሮውን ግጠምልኝ› ብለውት። ማታ እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ ‹ወንድምሽ ለመሰላልም ቀለም ያማርጣል› ብሎ።»

የባለቤቱ ፊት አመድ መሰለ። «አንዱ አዲስ መያዣ እጄ ላይ ተሰብሮ ነበር» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «የተመረተው ተሽጦ እስኪያልቅ ብዬ ነው እንጂ...»

«መሰላሉ ዛሬውኑ ከየሱቁ ይሰበሰባል» አለች ሬት። ከዚያ በኋላ ዞር ብላም አላየችው።

እሱ እህቱን ለማቀፍ እጁን ዘረጋ። ሚስቲቱ ወደ ኋላ አለች።

«ደህናውን ለአንተ ገጥሞ፣ እሱ በሚሰበረው ወጣ» አለችው። «አንተም ቆመህ ወፍራም ነበር አልክ።»