አምስቴ የነቀልኳት አስተናግር

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ መጀመሪያ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ እዚሁ ሰቆጣ የሳይንስ አስተማሪ ነኝና ተማሪዎቼም ይመሰክራሉ፣ ይችን ግን በዓይኔ ያየኋት ስለሆነች እንዳለች ልንገራችሁ።

አምና ጥቅምት ላይ ከባለቤቴ ከደሳለኝ ጋር በተከራየነው ግቢ ቆስጣና ነጭ ሽንኩርት በሁለት መደብ ተክለን ነበር፣ አረሙ ደግሞ ታውቁት የለ፣ ከተተከለው ቀድሞ ነው የሚነሣው፣ እዚያው ግቢ የሚኖሩት አከራያችን እማማ ለምለም እኔ ትምህርት ቤት ስውል ከመደቦቹ መሀል በርጩማቸው ላይ ቁጭ ብለው ያርሙልኝ ነበር። አንድ ቀን ማታ ስመለስ በርጩማው ከሚቀመጥበት ቦታ ላይ አንዲት አስተናግር በቅላ አየሁ፣ ያቺ ቅጠሏ የሚከረፋ መርዘኛ አረም፣ ከነሥሯ ነቅዬ ከአጥር ውጭ ጣልኳት። ጠዋት ብነሣ እዚያው የነቀልኳት ቦታ ላይ ቆማለች! ሌላ ናት ብዬ ማታ ደግሜ ነቀልኳት፣ ሲነጋ አሁንም ቆማለች፣ ይባስ ብሎ ዙሪያዋ ያለው አፈር እርጥብ ነው፣ ዝናቡ ወጥቶ እኛ ራሳችን በጀሪካን ውሃ በምንቀዳበት ሰሞን፣ እስቲ ማን ነው አረም ውሃ የሚያጠጣ?

«አንተ ነህ አይደል የምትቀልድብኝ?» አልኩት ደሳለኝን።

«ለቆስጣው ውሃ አጣሁ፣ አረም ላጠጣልሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

እማማ ለምለምን ብጠይቃቸው፣ «እኔስ ሽታዋ ቢያስጠላኝ በርጩማዬን ወዲያ አሸሸሁ፣ ተያት ልጄ፣ ምን አደረገችሽ?» አሉኝ።

አምስቴ ነቀልኳት። ከአምስተኛው በኋላ፣ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ነቃሁና ጆሮዬን ጣል ባደርግ፣ አምላኬን እላችኋለሁ፣ ጫር… ጫር… የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ፣ ደሳለኝ አጠገቤ ያንኮራፋል፣ በሩን በርግጄ ብወጣ የእማማ ለምለም በር እንደተዘጋ ነው፣ ግቢው ውስጥ ማንም የለም፣ አስተናግሯ ብቻ ቅጠሏ ውሃ እያንጠባጠበ ቆማለች። ከፍርሃቴ ብዛት ተናደድኩና ዶማ አንሥቼ ሥሯን ከጎን ብቆፍርባት፣ ዶማው እስከ እጀታው ሰጠመ፣ መሬቱ ድርምስ አለ፣ እኔም ወደ ኋላ ተፈናጥሬ በቂጤ ቁጭ አልኩ።

የድሮ የእህል ጉድጓድ ኖሯል፣ አፉ የተከደነበት እንጨት በስብሶ። ደሳለኝ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ረጅም አጣና ቢሰድበት ታቹን አልነካም። የአስተናግሯ ሽታ እስኪያሸሻቸው ድረስ እማማ ለምለም በየቀኑ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ እኮ ነው! አቅፌያቸው አለቀስኩ፣ እሳቸው ግን ጉድጓዱን አዩ፣ ራሳቸውን አዩና፣ «ይኼን የሚያህል ገላ ማን ይጎትተው ነበር?» ቢሉ ሦስታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ድንጋይ ስንሞላበት ዋልን፣ እመኑኝ፣ እንደዚያ ቀን ድካም ደስ ብሎኝ አያውቅም። አስተናግሯን ግን በተናደው አፈር ውስጥ ብንፈልግ ቅጠሏ እንኳ አልተገኘም። ጉድጓዱ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው እማማ ለምለም ጎንበስ አሉና ወደ ውስጥ በኽምጣና፣ በአገራቸው በአገውኛ ቋንቋ፣ ጥቂት ነገር ተናገሩ፣ ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ጉድጓዱ አዘንብለው አዳመጡ፣ ሲጨርሱ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን አሉ እማማ?»

«ላንቺ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ ፈገግ ብለው፣ «ይልቅ ያንን ድንጋይ አቀብይኝ።»