እጇ ያልደረሰበት ቦታ

ሚጡ ትንፋሿን ይዛ፣ መስታወቱ ፊት ቆማ፣ ከዓይኗ ሥር ያለውን ለምጽ በሌባ ጣቷ ጫፍ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ትቀባለች። ጠርዙን ካለፈች በጥጥ ትጠርጋለች። ካርታ ቀለም እንደሚቀባ ተማሪ ድንበር ትጠብቃለች፤ ነጩን ብቻ እንጂ ጠይሙን አትነካም።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አባቷ በሩን ተደግፎ። ቤት ቀለም ቀቢ ነው፤ የታጠበ ቱታው እንኳ የቀለም ጠብታ አያጣም። «ሐኪሟ ፊትሽን በሙሉ አላለችም?»

«ጠይሙ አይቃጠልማ!»

«ባይቃጠልም ይጠቁራል። እሱ በጠቆረ ቁጥር ነጩ ይጎላል። ከዚያ ‹አባዬ፣ ለምጹ ጨመረ› ብለሽ ቤቱን በአንድ እግሩ ታቆሚዋለሽ።»

ባለፈው ሳምንት ልክ እንዲያ ብላ አልቅሳ ነበር። ክሬሙን መዳፏ ላይ ጨመቀችና ፊቷን፣ ጆሮዎቿን፣ ክንዶቿን አዳረሰች።

«ማጅራትሽስ?»

«እጄ አይደርስም።»

ለምጽ ያለበት ያ ቦታ ነበር ባለፈው ተለብልቦ ሌሊቱን ሲያቃጥላት ያደረው። አባቷ በሰፊ መዳፉ ቀባላት። «ግድግዳ አንድ እጅ ቀብቼ ትቼ አውቃለሁ? ይሄም ከሰዓት ሁለተኛ እጅ ይፈልጋል። ዛሬም ተቃጥለሽ ከመጣሽ እናትሽ መረብ ኳሱን ታስተውሻለች። እኔም ከእሷ አላስጥልሽም።»

«እሺ» አለች። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ሜዳ እንደ ምጣድ ግሏል። የሚጡ ቡድን የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸንፎ እረፍት ወጣ። ሚጡ ቦርሳዋን አነሳች። ክሬሙ እንደ ወትሮው ታች፣ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሏል። እንደ ወትሮውም ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደች። ለምጹን የቡድኑ ልጆች ሁሉ ያዩታል፤ ስለ እሱ ግን ተነጋግረው አያውቁም። እሷም ወሬው እንዲነሳ አትፈልግም።

በሩን ልትገፋ ስትል ማጅራቷ ቆጠቆጣት። ብትገባስ? ፊቷን ትቀባለች። እሱን ማን ይቀባላታል? ትንሽ ቆመችና ወደ ሜዳው ተመለሰች።

ካፒቴኗ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ታስራለች። በቁመቷ ምክንያት «መሰላል» ይሏታል።

«መሰላል፣ ማጅራቴን ትቀቢኛለሽ? ለፀሐይ ነው። እጄ አይደርስም።»

መሰላል ክሬሙን አየች፤ ከዚያ የራሷን እጆች አየች። ክሬሙን ግን አልተቀበለቻትም።

«አይጋባም እኮ» አለች ሚጡ ቶሎ ብላ።

«አውቃለሁ ባክሽ! እጄ አቧራ ሆኖ ነው።» መዳፎቿን በውሃ አለቀለቀችና ቁምጣዋ ላይ ጠረገቻቸው። «ዙሪ በይ። ቆይ፣ ሁሌ መጸዳጃ ቤት የምትጠፊው ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«እኛ እኮ ሆድሽን እያመመሽ መስሎን! አሠልጣኙ ራሱ ‹ይቺ ልጅ ምሳ ላይ ትቀንስ› ሊል ምንም አልቀረውም።»

ሚጡን ሳቅ አፈናት። የካፒቴኗ እጅ ሻካራና ቀዝቃዛ ነበር፤ ነጩንና ጠይሙን ሳይለይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ሄደ።

«ለኔም!» አለች አጭሯ አቀባይ እየሮጠች መጥታ። «አፍንጫዬ ተላጠ!»

«አንቺ ደግሞ የሰው ነገር ስታዪ!» አለቻት መሰላል። ሚጡ ግን የአጭሯን አፍንጫ ጫፍ በአንድ ጠብታ ነካች። ከዚያም የራሷን ፊትና ክንዶች፣ እዚያው አግዳሚው ላይ፣ ሳትቸኩል ቀባች።

ፊሽካው ተነፋ። ክዳኑን አጠበቀች። ካልሲውን ቦርሳዋ ውስጥ ወረወረችና ክሬሙን ከውሃ ጠርሙሶቹ መሃል አቁማው ወደ ሜዳ ገባች።