ጭጋግ ውስጥ አቤት ያልኩ ዕለት

ይኼን የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ብታምኑም ባታምኑም የራሳችሁ ጉዳይ። እኔ ሙሉ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ለማስደንገጥ ብዬ ውሸት አልፈጥርም።

ሐምሌ 1930 ዓ.ም.። ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ግድም። ከመንደራችን ከገሳይ በላይ ያለው ጫካ።

ጣሊያን አገሩን የያዘበት ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን አጠገብ ስለሰፈረ መምሬ ወርቁ ታቦቱን ይዘው ጫካው ውስጥ ካለ ዋሻ ገብተዋል። ባሌ ይርጋም ከአርበኞቹ ጋር ዱር ከገባ አራት ወሩ ነው።

እኔ የአርባ ቀን ልጅ ታቅፌያለሁ...

ከእሱ በፊት ሁለት ወንዶች ልጆች ወልጄ ነበር። ሁለቱም አርባ ቀን ሳይሞላቸው፣ ክርስትና ሳይነሱ ሞቱብኝ። ይኼኛውን ግን የመጣው ይምጣ፣ በአርባ ቀኑ አስጠምቀዋለሁ ብዬ ምዬ ነበር።

አማቴ እማማ ብዙነሽ ባንዳ መንገዱን ሞልቶታል፣ ትንሽ ይቆይ ብለው ለመኑኝ። እምቢ አልኩ። እኔ እምቢ ካልኩ እምቢ ነው። ይርጋም ዋሻው ድረስ እንደሚመጣ ልኮብኛል።

ሲሸኙኝ እጄን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ጭጋግ ውስጥ ስምሽ ቢጠራ፣ ሦስቴ ሳትሰሚ አቤት እንዳትዪ" አሉኝ።

በእኛ አገር ይኼን የማያውቅ የለም። ክፉው ነገር መግቢያ የሚያገኘው በአቤታችን ነው ይባላል።

ወንዙን ተሻግሬ ጫካው ስገባ ጭጋጉ ወረደ። የገዛ እግሬን እንኳ አላየውም።

"ሙሉ..."

የይርጋ ድምፅ ነው።

"አቤት" አልኩ።

አራት ወር ሙሉ የናፈቅሁት ድምፅ... እንዴት ብዬ ሦስት ልቁጠር?



ወፎቹ ዝም አሉ። ሲነጫነጭ የነበረው ልጄም ጸጥ አለ። ዓይኑን አፍጥጦ በትከሻዬ በኩል ወደ ኋላዬ ያያል።

"ደክሞሻል... ልጁን ስጪኝ።"

አሁን ጆሮዬ ሥር ነው። ጭቃ ውስጥ ሰው ሲራመድ ይሰማል፤ ይኼ ግን ኮቴ የለውም። ትንፋሽም የለውም። ግን የባሌ ድምፅ ነው፣ ክንዴም ዝሏል... ልሰጠው ቃጣኝ።

"ስሙን ንገሪኝ... ማን ብዬ ልጥራው?"



ስም የሚያወጣለት እኮ ራሱ ይርጋ ነው! እኔ እስክመጣ ስም እንዳታወጪለት ብሎ ነው የላከብኝ።

እንዳልጮህ ባንዳው ከታች አለ። ጭቃው ላይ ዘጭ አልኩ። አለቀስኩ። ሌላ የማውቀው ስለሌለ አቡነ ዘበሰማያትን በሹክሹክታ ጀመርኩ። ሁለቴ መሃል ላይ ጠፋብኝ።

በሦስተኛው ፍርሃቱ ለቀቀኝ። በቃ፣ እንዲያው ለቀቀኝ። ብሞትም ከእግዚአብሔር እጅ አልወጣም፣ ልጄም አይወጣም የሚል ነገር ልቤ ገባ። እንደዚያ ያለ ሰላም ከዚያ ወዲህ አግኝቼ አላውቅም።

ተነሳሁ።

"ልጄን የምሰጠው ለእግዚአብሔር ነው" አልኩት። ዞሬም አላየሁ።

ዋሻው ስደርስ ይርጋ አልመጣም። መምሬ ወርቁ ሰዓቱ እንዳያልፍ ብለው ውኃውን ባርከው አጠመቁት፣ የክርስትና ስም አወጡለት፣ ሜሮን ቀቡት። ማተቡ አንገቱ ላይ ሲታሰር እልልታዬን በነጠላዬ አፍኜ አለቀስኩ።

ያኔ ይርጋ ገባ።

በግራ ክንዱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል። እኔንና ልጄን ሲያይ ክው ብሎ ቀረ።

"ሙሉ... እታች አንዴ ስጠራሽ አቤት ብለሽ መጣሽ እኮ... ልጁን በእጄ ሰጠሽኝ እኮ..."

የታቀፈው ነገር አለቀሰ።

በልጄ ድምፅ።

ጡቴ ወተት አፈሰሰ። እግሬ ግን ንቅንቅ አላለም። ልጄ እቅፌ ውስጥ ነው፤ ሜሮኑ ግንባሩ ላይ አልደረቀም። አልፈራሁም።

"የእኔ ይኼ ነው" አልኩ።

ልቅሶው ቆመ። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ቀረቡና ጨርቁን ገለጡት።

ባዶ ነው።

ልጄ እግዚአብሔር ይመስገን አድጎ ለወግ ለማዕረግ በቃ። ይርጋም ጣሊያን ሲወጣ በሰላም ቤቱ ገባ። ያ ግራ ክንዱ ግን እንደታቀፈ ቀረ። ወጌሻ አሸው፣ ጠበል ተጠመቀ... አልዘረጋ አለ።

እስኪሞት ድረስ፣ ክረምት ገብቶ ጭጋግ በወረደ ቁጥር ደጃፍ ላይ ይቀመጥና ባዶ ክንዱን እያወዛወዘ እሹሩሩ ይል ነበር...

ከዚያ ጆሮውን ወደ ክንዱ ዘንበል ያደርግና፣

"ቀስ በይ..." ይለኛል። "አሁን ገና ተኛ።"