ዱስ ገደል ላይ ጀርባዬን የተደገፈኝ

ጂንካ ፎቶ ቤት እንደነበረኝ የሰማ ሁሉ «ደቡብ ኦሞ ልሄድ ነው፣ የት ቆሜ ላንሳ?» ይለኛል፣ እኔም አልሰስትም፣ ገበያውን በጠዋት ያዘው፣ ወይጦ ላይ ፀሐይ አናት ስትወጣ ካሜራህን ክደን፣ አርቦሬ ከብቶቹ ሲገቡ ከአቧራው ፊት ቁም እላለሁ። ኦሞ ዳር ያለችውን መንደር፣ ዱስን ካሉኝ ግን ወሬ እቀይራለሁ። እመነኝ፣ እኔ መንፈስ ምናምን የሚባል ነገር አምኜ አላውቅም፣ ያደግኩት ሶዶ፣ ጴንጤ ቤት ነው፣ አባቴ ጠንቋይ ደጅ ድረስ ሄዶ የሚገሥጽ ሰው ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ለእንግዶች የሚታደል ትንሽ የጉብኝት መጽሔት ሊያሳትም አስቦ እኔን ለፎቶ ላከኝ፣ አይኬ የሚባል የዱስ ሰው ደግሞ አስተርጓሚም መንገድ መሪም ሆኖ ተሰጠኝ። ከመጀመሪያው አልተዋደድንም፣ እሱ ዝምተኛ፣ እኔ ቱግ ባይ። መንደሩም አልወደደኝም፣ ካሜራዬን ሳወጣ ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ፣ ሽማግሌዎቹ በርጩማቸውን አንጠልጥለው ጥለውኝ ሄዱ። እንግዲያው ወንዙን አነሳለሁ ብዬ እየተነጫነጭኩ ወደ ገደሉ ጫፍ ሄድኩ።

ኦሞ ከገደሉ ሥር ይጠማዘዛል፣ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ልዩ ነው፣ ይህን አልክድም። ካሜራውን ሳስተካክል አይኬ ጠመንጃውን ይዞ መጣና ጀርባውን ከጀርባዬ ገጠመ።

«ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«አንተ ወንዝ ታያለህ፣ እኔ ጫካ አያለሁ። እኛ አገር ሰው ለብቻው ወንዝ አያይም።»

ጠላት በሚመላለስበት ቦታ እንዲህ ነው የሚቆሙት፣ አንዱ ፊት ለፊት ሲያይ ሌላው ከኋላ ይጠብቃል። እኔ ግን ትከሻው እየነካኝ ካሜራዬ ተነቃነቀ፣ ደግሞም የወንዙ ስፋት እንዲታወቅ ታች አሸዋው ላይ የሚቆም ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

«ውረድና አሸዋው ላይ ቁምልኝ።»

«ጫካውን ማን ያያል?»

«ጫካ አይበላኝም፣ ውረድ ብያለሁ።»

በጥላቻ አየኝና ወረደ። እስኪደርስ ካሜራውን ዓይኔ ላይ አድርጌ ስጠብቅ ከኋላዬ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ፣ ፍየል ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ኮቴ ሰማሁ፣ ከዚያ ጀርባ ጀርባዬን ተደገፈኝ፣ ቅቤና አመድ የሚሸት፣ በላብ የረጠበ የሰው ጀርባ። አይኬ በእልህ ተመልሶ መጣ ብዬ «ግትር!» ስል ሰደብኩት፣ ትንፋሹ ፈጠን ፈጠን ይላል። ሌንሱን ወደ ታች ሳዞር ግን አይኬ አሸዋው ላይ ቆሟል፣ ጠመንጃውን ወደ እኔ ደግኗል።

እውነቴን ነው የምልህ፣ መዞር አቃተኝ። ያ ጀርባ ቀስ እያለ ይገፋኝ ጀመር፣ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ ሌላ፣ ጠጠሩ ከጫማዬ ሥር እየተንከባለለ ገደል ይገባል፣ አለቀልኝ አልኩ፣ ሚስቴ እርጉዝ ነበረች፣ ያሰብኩት እሷን ነው። ኢየሱስ፣ ኢየሱስ እያልኩ በጉልበቴ ወድቄ መሬቱን ቧጥጬ ያዝኩ። ወዲያው ጥይት በአናቴ ላይ አለፈ፣ ከዚያ ጀርባዬ ቀዘቀዘኝ፣ ስዞር ማንም የለም።

አይኬ እያለከለከ ወጣ፣ ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩት።

«ሊገድለኝ የነበረው ማን ነው? መታኸው?»

«እሱ ላይ አልተኮስኩም» አለ። «እሱ አንተን አልገፋም። ጫካ እያየ፣ ፈርቶ፣ ወደ ኋላ ሸሸ።»

«ማን ነው እሱ?»

«አላውቀውም። ጀርባህ ባዶ ነበር፣ መጣ፣ ቆመልህ።»

«ታዲያ ምን ላይ ተኮስክ?»

አይኬ ጥይት አጎረሰና ጀርባውን ጀርባዬ ላይ ለጠፈ፣ እንደዚያ ሆነን እስከ መኪናው ሄድን፣ እኔ ወደ ፊት፣ እሱ የኋሊት እየተራመደ፣ መንቀጥቀጡ በሸሚዜ በኩል ይሰማኝ ነበር።

ይህን ያጫወትኳቸው ሁሉ ያ ጀርባ የማን ነበር ብለው ይጠይቁኛል፣ እኔን ግን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ አይደለም፣ እሱን ያስፈራው ነገር ነው።